አክተሩ ለምን አልመታም

«ፈራ! አያችሁት? ኳሷን ሲያያት ወኔው ከዳው!»

ጋሽ ዘርእማርያም ከወንበራቸው ብድግ ብለው በሪሞቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ። «ዱላውን መሰንዘር ሲገባው ዘርግቶ ያዘው። ኳሷም እግሩ ሥር ዱብ! በቃ፣ አስወጡት። ጓደኞቹ ጀርባውን መታ መታ የሚያደርጉት አዝነውለት ነው።»

በፈረንጅ አገር፣ ሲዋርድ በሚባል ሰፈር በሚገኘው የአረጋውያን ሕንፃ የጋራ ሳሎን የተቀመጡት ስምንት ሰዎች «ወይኔ!» አሉ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፊልም ማየት ልማዳቸው ነው። እንግሊዝኛው ለአብዛኞቹ ስለማይገባ ጋሽ ዘርእማርያም በአማርኛ ይተርኩላቸዋል። ወላጆቻቸው ከአሥመራ ቢሆኑም እሳቸው አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ከመሰደዳቸው በፊትም መርካቶ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክ ይዘው የውጭ ፊልም ይተረጉሙ ነበር። የዚያ ሥራ ደንቡ አንድ ነው፦ ባይገባህም ዝም እንዳትል። ተመልካቹ የከፈለው ለወሬህም ጭምር ነው።

ሕንፃው ውስጥ ይኖሩ የነበሩ አንድ ፈረንጅ ሲሞቱ አንድ ካርቶን ዲቪዲ ለሳሎኑ ትተው ነበር። በውስጡ ያሉት አሥራ አንዱም ፊልሞች ስለ ቤዝቦል ናቸው፤ ኳሷን በዱላ መትተው፣ ቤዝ የሚባሉትን ማረፊያዎች በሩጫ አዳርሰው የሚያስቆጥሩበት ጨዋታ ነው። ጋሽ ዘርእማርያም እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አይተውታል።

«ካራቴውንም፣ የሕንዱንም፣ ሁሉንም ተርጉሜያለሁ» ይላሉ። «እንደ ቤዝቦል ፊልም ያለ ግን የለም። አባትና ልጅ ሳይታረቁ አያልቅም።»

ይህን ባሉ ቁጥር ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተገብርኤል ፊታቸውን ያዞራሉ። ልጃቸው ኢያኤል የሚኖረው ውድበሪ ነው፤ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ለእናቱ በየቀኑ ይደውላል። ከአባቱ ጋር ግን «ሰላም ነው?» ከተባባሉ ወሬያቸው ያልቃል፤ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። ዛሬ የሕፃን ልጁ አንደኛ ዓመት ልደት ስለሆነ እናቱን ሊወስድ ይመጣል። ጋሽ ዘርእማርያም እንደተለመደው «እኔ ጉልበቴን ያመኛል» ብለው እንደማይሄዱ ተናግረዋል። ጉልበታቸው እንኳ ደህና ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሱት» አለች ፋዮ። ፋዮ ዐይናቸው የደከመውን ወይዘሮ ለተገብርኤልን የምትረዳ ሠራተኛ ናት፤ ከተቀጠረች ገና ሳምንቷ ነው።

«ለምን?»

«ልጁ አልፈራም እኮ። ሆን ብሎ ነው።»

«ሆን ብሎ የሚወጣ ሰው አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ! ልጄ ሶሬቲ ሶፍትቦል፣ የሴቶቹን ቤዝቦል፣ ትጫወት የለ? አራት ዓመት ሙሉ ፊሊፕስ ሜዳ ዳር ብርድ ሲጠብሰኝ የከረመው በከንቱ መሰለዎት? ሁለተኛው ቤዝ ላይ የቆመውን ልጅ ይዩት። አክተሩ ኳሷን እግሩ ሥር ይጥላታል፤ ተጋጣሚዎቹ እሷን አንስተው እሱን ሲያስወጡ ጓደኛው ሦስተኛው ጋ ይደርሳል። ባንት ነው የሚሉት። አሠልጣኙ ያዘዋል፣ እሱ ራሱን ይሰጣል።»

«አንተ ዘርአይ!» አሉ የድሮ ጓደኛቸው ሓሚድ እየሳቁ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ጀግናውን ፈሪ ስትለን ኖርክ?»

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ዘርእማርያም አልሳቁም፤ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሱት። እውነትም አሠልጣኙ ለምልክት ኮፍያውን ይነካል። አክተሩ አይቶት ራሱን ይነቀንቃል። ወዲያ ማዶ ደግሞ ያ ጓደኛው አቧራውን እያስነሳ ይሮጣል። ሦስት ጊዜ ሲያዩት ይህንን ልጅ ልብ ብለውት አያውቁም። ቪዲዮ ቤት የለመዱት አክተሩን ብቻ መከተል ነው፤ ሌላው ሁሉ አጃቢ ነበር።

እጃቸው ሪሞቱ ላይ ቀረ። የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ኢያኤል አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። የትምህርት ቤቱ የቤዝቦል ቡድን የመጨረሻ ጨዋታ ስለነበር ያኔ የሚነዱትን ታክሲ አቁመው ሄዱ፤ የልጃቸውን ጨዋታ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ልጁ ተራው ሲደርስ ልክ እንደዚህ ዱላውን ዘረጋ፣ ኳሷ ወደቀች፣ ወጣ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ወደ ታክሲያቸው ተመለሱና መስኮቱን ዘግተው ጠበቁት። ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ ሲመጣ ጊዜ ደማቸው ፈላ። በሩን ከፍተው «ፈሪ! ፈሪ ወለድኩ!» ብለው በእነዚያ ሁሉ ልጆች ፊት ጮኹበት። አማርኛው ባይገባቸውም ጩኸቱ ገብቷቸዋል። ኢያኤል ሁለተኛ አልተጫወተም።

«ዘርአይ፣ ምነው ዝም አልክ?» አሉ ወይዘሮ ለተገብርኤል።

«ያን ቀን ኢያኤል ያደረገው ይሄንን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄንኑ።»

«አሠልጣኙ አዞኝ ነው ብሎ ነግሮኝ ነበር። እኔም ነገርኩህ። ‹ጠበቃው አንቺ ነሽ?› አልከኝ።»

ጋሽ ዘርእማርያም ያንን ማለታቸውን አስታወሱ። አፈሩ።

ኢያኤል የመኪና ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ አለ። «እማዬ፣ ሬዲ ነሽ? መኪናውን ደብል ፓርክ አድርጌ፣ መንገድ ዘግቼ ነው የመጣሁት።» ወደ አባቱ ዞር አለና «ሰላም ነው?» አለ።

«ኢያኤል፣ አንዴ ና።» ቴሌቪዥኑ ላይ አክተሩ ዱላውን እንደዘረጋ ቆሟል። «ይሄ ልጅ ምን እያደረገ ነው?»

ኢያኤል አባቱንም ቴሌቪዥኑንም አየ። «ባንት ነው። ሳክሪፋይስ፣ መሥዋዕት።»

«ሆን ብሎ?»

«ሆን ብሎ። ኮቹ ካዘዘህ ታደርገዋለህ።»

«አንተንም አዞህ ነበር?»

ኢያኤል ቁልፉን በጣቱ አዞረው።

«አዞኝ ነበር» አለ። «ቀጥሎ ተራው የደረሰው ልጅ መታና ሦስተኛው ላይ የነበረው ጓደኛችን ሮጦ አስቆጠረ። አሸነፍን እኮ፣ አባዬ። አንተ ታክሲው ውስጥ ነበርክ።»

ለካ ሲስቅ የመጣው አሸንፎ ነው። ጋሽ ዘርእማርያም ወንበሩን ተደግፈው ቆሙ። ይቅርታውን ውጭ ኮሪደር ላይ ሊነግሩት አሰቡና ተዉት፤ ያን ቀን የጮኹት ሰው ፊት ነው።

«ስሙኝ» አሉ በዚያ በማይክ ድምፃቸው፣ ወደ ሰዎቹ ዞረው። «ልጄን በጓደኞቹ ፊት ፈሪ ብዬው ነበር። ጨዋታውን ያሸነፈላቸው እሱ ነው። አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ኢያኤል ዐይኑን በእጅጌው ጠረገና «ኦኬ» አለ። ደግሞም «ኦኬ፣ አባዬ።»

ጋሽ ዘርእማርያም ሪሞቱን ለፋዮ ሰጧት። «የቀረውን አንቺ ተርኪላቸው። ባይገባሽ ግን አልገባኝም በዪ።»

ከዚያ ወደ ሚስታቸው ጎንበስ አሉ። «ለተገብርኤል፣ ጃኬቴን የት ነው ያኖርሽው?»

«ጉልበትህስ?»

«እሱም ይመጣል።»