ከሻርክ ሊያስጥሏት የተላኩ ሽማግሌዎች

ቶሮንቶ ውስጥ ያላስታረቅሁት ሰው የለም። ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ፣ የቤተ ክርስቲያን ቦርድ ሳይቀር። ስለዚህ ዘውዴ «ጋሽ ገብሬ፣ እባክዎ እህቴን ያስቁሙልኝ» ብሎ ሲለማመጠኝ ሌላ ሰው ፈልግ አላልኩትም።

እህቱ ምሥራቅ ትባላለች፤ ኖርዝ ዮርክ ያለ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሃምሳን አልፋለች፤ ባሏን ከፈታች ቆይታለች። እኛ ሳናውቅ ዋና ገንዳ ውስጥ ስትጠልቅ ከርማ፣ የጀማሪውን ትምህርት ጨርሳ፣ የከፍተኛውንም የጠላቂነት ፈቃድ ይዛለች። የዚያን ዕለት ማታ ወደ ማልዲቭስ ልትበር ነው። እዚያ ኮራል ከሚሉት የባሕር ድንጋይ የተሠራ፣ ቀለበት የመሰለ ደሴት አለ አሉ። የውቅያኖሱ ውሃ በጠባብ በር እየተገፋ ሲገባ ሻርኮች በሩ ላይ ይሰበሰባሉ። እሷ ደግሞ ሠላሳ ሜትር ጠልቃ፣ ውሃው እንዳይወስዳት ቋጥኝ ላይ በመንጠቆ ተይዛ ልታያቸው ነው። ዘውዴን ያስጨነቀው መበላቷ ብቻ አልነበረም።

«ለቅሶ ቤት በምን ሞተች ሲሉኝ ምን ልበል? ሰው በስኳር ይሞታል፣ በደም ግፊት ይሞታል» አለኝ። የነገሩ ክብደት ያኔ ገባኝ።

አብረውኝ የሚያስታርቁትን ሐጂ ሸምሰዲንንና ኪሩን አስከትዬ ፍሌሚንግደን ፓርክ ወዳለው አፓርታማዋ ሄድኩ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር እያለከለክን በደረጃ ወጣን።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለችን። ሻንጣዋ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል።

«አንቀመጥም» አልኳት። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ እስኪባልለት አይቀመጥም፤ የሙያችን ትልቁ መሣሪያ ይኸው ነው። ብዙ ሰው እሺ የሚለን አምኖ ሳይሆን ሽማግሌ አስቆመ እንዳይባል ነው።

«ማነው ያስቀየመሽ?» አላት ኪሩ። ሆድ ያልባሰው ሰው ሻርክ ጋ አይሄድም ብሎ ደምድሟል።

«ማንም።»

«ልጄ፣ ፍላይቱን ካንሰል አድርጊው» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ እርስዎ እንኳ ይቀመጡ። ጉልበትዎን እንደሚያምዎ አውቃለሁ፤ መድኃኒትዎን የምሰጥዎ እኔ አይደለሁ?»

ሐጂ አልተቀመጡም። ሶፋውን ግን አዩት።

ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር ነውና እሷም አብራን ቆመች። አራታችን ሳሎኑ መሃል ባስ እንደሚጠብቅ ሰው ተገተርን። ሰዓቱ ይሄዳል፤ እሷ እሺ አትልም።

«እስቲ ንገሪን፣ ይሄ ሻርክ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«ምንም። አምና ለፈቃዱ ባሕር ስወርድ አንድ አይቻለሁ። ዞር ብሎ አየኝና አለፈ። ለምን ተፋታሽ አላለኝም፣ ለምን አልወለድሽም አላለኝም። እናንተ ግን ጋሼ፣ ሠርግ ላይ ትጠይቁኛላችሁ፣ ለቅሶ ላይ ትጠይቁኛላችሁ፣ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥታችሁ መድኃኒት እየተቀበላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ውሃ ውስጥ አፌ ላይ የአየር ቱቦ አለ፤ ማንም አያናግረኝም። እኔ የማርፈው እዚያ ነው። ደክሞኛል።»

ኪሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለመሆኑ ግን» አለ፣ «ለምን አልወለድሽም?»

ሐጂ ሸምሰዲን «ያ አላህ!» ብለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ምሥራቅን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ሄጄ ከሐጂ አጠገብ ተቀመጥኩ። ኪሩ ብቻውን ቆሞ መልሱን ይጠብቃል።

ስልኬ ጮኸ። ዘውዴ ነው።

«እሺ አለች?»

«እሺ ተብሏል።»

«እሰይ! እሺ ያለችው ወዲያው ነው ወይስ አስቸገረቻችሁ?»

«እሺ ያልነው እኛ ነን» አልኩት።