«መጽሐፉ ይሻላል» ባዩ ሰውዬ

መጽሐፉን ያላነበበ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሞተ ተብሎ የተቀበረ ዳኛ፣ ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ የተገኘ ሌላ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች የተያያዘ የባለሥልጣናት ሤራ! አንዴ ከጀመሩት አይለቅም። እኔ ራሴ የሰው ቀሚስ ሳይዘመዘም ስፌት መኪናው ላይ ትቼ ነው የጨረስኩት። ታዲያ ይህን መጽሐፍ ወደ ፊልም የቀየረው ማን ይመስላችኋል? የኔ ወንድም! እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት፣ ዛሬም አብሮኝ የሚኖር፣ ሸሚዙን እንኳ እኔ የምተኩስለት ታናሽ ወንድሜ።

ፊልሙ በወጣ በሁለተኛው ቀን ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ለካ የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ «እስከ እሑድ አዳራሹ ካልሞላ አወርደዋለሁ» ብሎታል።

«ይሄ ከወረደ፣ እታለም፣ ከእንግዲህ ሥራ የሚሰጠኝ የለም። አበቃልኝ» አለኝና ራቱን ሳይነካ ተኛ። አንጀቴን በላው።

እውነቱን ለመናገር ፊልሙን የመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ፤ መጨረሻው አልጣመኝም። መጽሐፉ ላይ ዳኛው በሕይወት ይገኝና ማን እንደቀበረው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄዶ ይቀራል። ያ ዝምታው ስንት ቀን ሲያብሰለስለኝ ከርሟል። ወንድሜ ግን ዳኛውን በረንዳ ላይ አቁሞ የሆነውንም ያልሆነውንም ያስለፈልፈዋል። ከአዳራሹ ስንወጣ «ግሩም ነው» አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ? ዐይን ዐይኔን እያየ!

በማግስቱ ሱቄን በጊዜ ዘጋሁና የከሰዓቱ ትርኢት ሲያልቅ መውጫው በር ላይ ቆምኩ። ሕዝቡ ምን እንደሚል በጆሮዬ ልስማ ብዬ ነው። ሁለት ልጃገረዶች «ሤራው አልገባኝም፣ ልጁ ግን ቆንጆ ነው» እየተባባሉ አለፉ። አንድ ሽማግሌ «ሾፌሩን የት ጣሉት? እኔ መጽሐፉን የወደድኩት በሾፌሩ ነው» እያሉ ያጉረመርማሉ። አንዷ ባሏን «አንተማ ስታንኮራፋ ነበር፣ ምን አስተያየት አለህ!» ትለዋለች። ደህና ነው፣ ይህን እችላለሁ ብዬ ሳልጨርስ አንድ ግራጫ ኮት የለበሰ ቀጭን ሰውዬ ደረጃው ላይ ወጣ።

«ጎበዝ፣ መጽሐፉ ይሻላል!» ብሎ ጮኸ። «መጽሐፉ ላይ ዳኛው አልሞተም ነበር። ዛሬ ነው የገደሉት!»

ሕዝቡ ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ! አንተን ደግሞ ማን ዳኛ አደረገህ?» አልኩት ሰው መሐል ገብቼ።

«ተመልካች ነኝ፣ እትዬ። ከፍዬ ነው የገባሁት።»

«ከከፈልክ ዐይንህን ገልጠህ እያ! ይህን ፊልም የጻፈው ወንድሜ ነው፣ ገባህ? ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ!»

እሱ አንድ ሲል እኔ ሁለት ስል መንገዱ በሰው ተዘጋ። ማታ ራት ላይ ለወንድሜ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ምነው ባልኩት ያልኩትንም ጭምር። «ነገ ሾፌሩን ቢያነሳብኝ ‹ሾፌሩ ትርፍ አፍ ነው› ነው የምለው» አልኩት። ወንድሜ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለ፤ ራቱንም በላ። ደስ አለኝ።

በማግስቱ ያ ሰውዬ እዚያው ደረጃ ላይ አለላችሁ! ሆዴ ተጠራጠረ። ፊልሙን የጠላ ሰው እንደገና ከፍሎ ይገባል? ይህ የተላከ ነው አልኩ። ማዶ ያለው ሲኒማ ቤት ይሆን? ወይስ የመጽሐፉ ደራሲ ቀንቶ? ይህን ሳሰላስል ሰውዬው እጁን አነሣ።

«ስለ ሾፌሩ ስንጠይቅ ደግሞ ‹ሾፌሩ ትርፍ አፍ ነው› ይሉናል!»

ክው አልኩ። ቃል በቃል! ያን ነገር የተናገርኩት ማጀቴ ውስጥ ነው። ከወንድሜ በቀር የሰማኝ የለም። ወይ ጉድ፣ ቤቴ ጆሮ ጠቢ ገብቶበታል!

መቼም ሤራ የሚበዛበት መጽሐፍ ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው። ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ ከኔ ማጀት የሚለያት አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ስንጥቁን በሙሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቅኩት። ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ስትለኝ ዘጋኋት። እሷ እንደሆነች ቁርጥ አድርጌ አምኜ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ። ለወንድሜ በሹክሹክታ ነገርኩት።

«ተጠንቀቂ እታለም» አለኝ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። «ግን መሄድሽን አትተይ። አንቺ ካልመለስሽለት ማን ይመልስልኛል?»

እሱን ልጠርጥር? በገዛ እጄ አጉርሼ ያሳደግኩትን? ላፍታም አላሰብኩትም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። እኔ ስደርስ ፊልሙን ያላዩት ሳይቀሩ በር ላይ ተኮልኩለው «የጸሐፊው እህት መጣች! መንገድ ስጧት!» ይላሉ። ከሰውዬው ጋር ተጨቃጨቅን፣ ተጨበጨበልኝ። ሕዝቡ ሲበተን ግን ዛሬስ አልለቀውም ብዬ ሰውዬውን በሩቁ ተከተልኩት። ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ሲኒማ ቤቱን ዞሮ ከኋላው ያለችው ሻይ ቤት ገባ። በመስኮቱ አጮለቅኩ።

ወንድሜ መሐል ወለሉ ላይ ቆሟል። አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በሌላው ጣቱን እየቀሰረ፣ ድምፁን አቅጥኖ «አንተ ሰውዬ! አንተን ደግሞ ማን ዳኛ አደረገህ?» ይላል። ቁርጥ እኔን! አንገቴን የማወዛውዘው ሳይቀር። ሥራ አስኪያጁ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ግራጫ ኮቱን ወንበር ላይ የጣለው ሰውዬም ይስቃል።

«ነገ መጨረሻውን ንካባት» አለው ወንድሜ እየተቀመጠ። «ሌላውን ትተህ መጨረሻውን ብቻ። ያኔ ነው የምትፈነዳው።»

ገብቼ ጠረጴዛውን አልገለበጥኩም፣ አልጮህኩም፤ እኔ! ጨርቅ ለብሼ ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ። ቤቴ ስደርስ ነርሷ በር ላይ ነበረች። «እንዴት አመሸሽ» ብላት ገላምጣኝ ገባች። እሰይ፣ ይገባኛል።

ማታ ራት ላይ ወንድሜ ምንም እንዳልተፈጠረ «ነገ መጨረሻውን ቢያነሳብሽ ምን ትይዋለሽ?» አለኝ።

«አስብበታለሁ» አልኩት።

እሑድ የሰው ብዛት ለጉድ ነው። ሰውዬው ደረጃው ላይ ወጣና «የመጽሐፉ ዝምታ የት ገባ? ይህ መጨረሻ ነው ወይ?» አለ። ሁሉም ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ወንድሜ ከፊልሙ ፎቶ ሥር እጆቹን አጣምሮ ቆሟል፣ ፈገግ እንዳለ። ያን ፈገግታውን ከፊቱ ላይ ልግፈፍለት ፈለግኩ። አዎ፣ ላሳምመው ፈለግኩ።

«ልክ ነህ» አልኩ። «መጽሐፉ ይሻላል። የጻፈው ወንድሜ ነው፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ግን መጨረሻውን አበላሽቶታል። ግሩም ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ሰውዬው አፉን እንደከፈተ ዞሮ ወንድሜን አየው። ከዚያ አንዱ «እህቱ እንኳ የጠላችውን ፊልምማ ሳላይ አልሄድም!» ሲል ሕዝቡ ተንጋግቶ ወደ ቲኬት መሸጫው ሮጠ። እኔን ያየኝ የለም።

ማታ ወንድሜ እየሮጠ ቤት ገብቶ ከወንበሬ አንሥቶ አቀፈኝ። «ሌላ ወር ጨመሩልኝ! እታለም፣ አንቺ እኮ ከኔ ትበልጫለሽ! ይህን እኔ እንኳ አላሰብኩትም!»

«እውነቴን ነው» አልኩት። «መጨረሻውን አልወደድኩትም።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ማን ያላመነሽ አለ?»

«ሻይ ቤቱ ውስጥ አይቼሃለሁ። ስትስቁብኝ።»

አንዲት አፍታ፣ ዐይኑ ውስጥ ያ ትንሹ ልጅ ብቅ ያለ መሰለኝ፤ ይቅርታ ሊለኝ ነው አልኩ። ከዚያ ግንባሩን በእጁ መታ።

«ለካ አውቀሽ ነው! ለዚህ ነው እንዲህ ያማረልሽ!»

እንባዬ መጣ። አልደበቅኩትም፤ እንዲያየው ፈለግኩ። አየውም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ልብስ እንደሚለካ ሰው በጥሞና አየው።

«ነገም ይህንኑ በይልኝ» አለኝ። «እንባው ብቻ ትንሽ ቀደም ይበል።»