ብርሃን ያደረሰው ድምፅ

«ድምፅ ያለ አየር አይሄድም፤ ይህን ተማሪም ያውቀዋል» አሉ የፀሐይ ምልከታ ጣቢያው ኃላፊ።

ተመራማሪዋ አልተከራከረችም። «እውነትዎን ነው ጋሼ። ድምፁ እዚያው ይቀራል። ግን ፀሐይ ሆዷ ሲያጉረመርም ገላዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ያንን እንቅስቃሴ ብርሃኗ ይዞልን ይመጣል፤ እኛ ደግሞ መልሰን ድምፅ እናደርገዋለን።»

«እንግዲያው አሰሚኝ» አሏት።

ወንድሟ ሬዲዮ ጣቢያ የሚሠራ የድምፅ ባለሙያ ነው። ጎረቤት ሲያንሾካሹክ ሳይቀር ይሰማል ተብሎ ስለሚታማ ቤተሰቡ «ጆሮ» ይለዋል። እሱን ለምና አመጣችው። የፀሐይ ንዝረት ለሰው ጆሮ እጅግ ዝግ ያለ ነውና፣ ለብዙ ቀናት የተቀዳውን አጣድፈው በጥቂት ሰከንድ አጫወቱት። ከድምፅ ማጉያው እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ወጣ። እህትና ወንድም ተቃቀፉ።

ደስታቸው አልበረከተም። ሰማዩ በደመና ድፍን ባለበት ሰሞን የተቀዳውንም ሲያጫውቱት ያው እምምታ ተሰማ።

«እህት ዓለም» አለ ጆሮ፣ «ፀሐይሽ ደመና ውስጥም ታንጎራጉራለች እንዴ?»

ወሽመጧ ቁርጥ አለ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሱ ግን ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደና ከመቅረጫ ማሽኑ ጀርባ ያለው ማቀዝቀዣ አጠገብ ቆመ። ማራገቢያው የቴሌስኮፑን መስታወት ያርገፈግፈዋል፤ የቀዱትም ያንን ነበር።

«የተቃቀፍነው ለዚህ ነው» አላት።

ሳትወድ በግድ ሳቀች። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ተነሳች። ማቀዝቀዣውን ነቅለው ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱ፤ የመስታወቱን እግር ወፍራም ጎማ ላይ አቆሙ፤ ቀረጻውንም ከሀ ጀመሩ።

በደመና እንደገና የተቀዳው አሁን ጭጭ አለ። በጠራ ሰማይ የተቀዳውን ስትከፍት ግን ክፍሉ ሞላ፦ ከሩቅ ብዙ ደወሎች ባንድነት የተመቱ ይመስል፣ አንዱ ድምፅ በሌላው ላይ እየተደረበ ይጎርፋል።

ጋሼ ተጠርተው መጡ። በመጀመሪያ የደመናውን ዝምታ፣ ቀጥሎ ፀሐይዋን ሰሙ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ጥበቃውንም፣ ጸሐፊዋንም፣ የሒሳብ ክፍሉንም ጠሩ። «ኑ ስሙ፤ አይሆንም ብያት ነበር፤ አደረገችው!»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ድምፁ በሬዲዮ ተላለፈ። እሷ ምሳ ልትበላ ወጥታ ነበር። ከየሱቁ በር፣ ከቆሙት ታክሲዎች መስኮት ፀሐይ ታጉረመርማለች። ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው።

«ልጄ፣ ፀሐይ ይህን ያህል ጎርናና ናት?»

«አዎ እማዬ» አለች፤ ሳቋ እያሸነፋት። «ዛሬ ሰው ሁሉ ሰማት።»