ሽኝት እስከ ጎባ

ጁሀራ በእንግዳ ነገር ቀልድ አታውቅም። ሮቤ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ሦስት ቅያስ ገባ ብሎ፣ ከመኖሪያ ቤቶች መሀል ግቢዋን ሸንሽና ባለ ስድስት ክፍል ፔንሲዮን ስትከፍት ወንድሟ ሻፊ «እዚህ ሰው ጓሮ ውስጥ ማን መጥቶ ያድርልሻል?» ብሎ ስቆባት ነበር። እሷም «የመጣ ያየዋል!» ብላ አፉን አስያዘችው።

መጣላት። ሄንክ የሚባል ሆላንዳዊ ነው፤ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጦ አማርኛ ለምዷል። በጥቅምት ወፍ ሊያዩ የሚመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች የሚያርፉበትን ቤት ሊመርጥ ነው የመጣው። የጁሀራ ቤት ከተመረጠ ስድስቱም ክፍል ይሞላል። ይህን ካወቀች ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም።

ታዲያ ምን አጠፋች? ምንም! እንግዳ ብቻውን አይበላምና እራት ሲቀርብ አብራው ተቀመጠች። ወግ እንዳያጣ ብላ ጎረቤቷን ገላኔንም ጠራቻት። ማለዳ በሩን አንኳኩታ «አከም ቡልቴ? እንዴት አደርክ? ብርዱስ? ራስህን አላመመህም?» አለችው። የደጋው ብርድ ያልለመደውን ሰው ይጥላላ! ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ሲቆይባት ደግሞ ደንግጣ እንደገና አንኳኳች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሄንክ ሻንጣውን ይዞ ብቅ አለ።

«ጎባ ወደ አንድ ሆቴል እሄዳለሁ» አለ እያፈረ። «ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ምግቡም ጥሩ ነው። ግን እኔ ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ። እዚህ ሁልጊዜ ሰው አለ።»

ሻፊ ከግቢው በር አጠገብ ካለችው ሱቁ ደጃፍ ሰምቶ እህቱን ወደ ጎን ሳብ አደረጋት። «ይቅርታ በይው እንጂ! ከእንግዲህ ማንም ደጅህን አይረግጥም በይው። አሥራ ሁለት ሰው እኮ ነው!»

«ወላሂ አልልም» አለች። «ታሞ ቢያድር ማን ያውቅለታል? እንግዳዬን ዞር ብዬ የማላይ ከሆነ ቤቱም ይዘጋ!»

ሻሿን አጠበቀችና ሻንጣውን ከሰውየው እጅ ተቀበለች። እንግዳ ቢያኮርፍም ይሸኛል። ሰፈሩን አቋርጠው መናኸሪያ ደረሱ። ሄንክ ሚኒባሱ ውስጥ ሲገባ እሷም ገብታ አጠገቡ ቁጭ አለች። ግማሽ መንገድ ላይ አላስቻለውም።

«እርስዎም ጎባ ጉዳይ አለዎት?»

«ምን ጉዳይ አለኝ! አንተን እየሸኘሁ እንጂ።»

«እስከ የት?»

«ተሸኚው ‹ይበቃል፣ ተመለሱ› እስኪል ነዋ። አንተ መች አልክ?»

ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ ሳቅ አመለጣቸው። «እውነቷን ነው ልጄ፤ ካላልካት አዲስ አበባም ትደርሳለች።» ሄንክ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ‹ተመለሱ› ግን አላለም።

የጎባው ሆቴል ጸጥ ያለ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ከስልኳ ቀና ሳትል ቁልፍ ገፋ አደረገችለት። ጁሀራ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለች። «እህቴ፣ ይህ ልጅ እንግዳዬ ነው። ሥጋ አይበላም። ትናንት ሲያስለው ነበርና ጠዋት በሩን አንኳኪለት።»

«እኛ እንግዳ አንረብሽም።»

«ቢታመምስ?»

ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ጁሀራ ሻንጣውን ሄንክ እግር ሥር አስቀመጠች። አሥራ ሁለቱ ሰዎች እንደቀሩባት ገብቷታል፤ ከፍቷታል። አንገቷን ግን አልደፋችም። እንግዳዋን አልጣለችም፣ ሌላው የአላህ ነው።

«በል እንግዲህ፣ በለኝና ልመለስ።»

ሄንክ ቁልፉን አየ፤ እሷን አየ።

«አልልም» አለ።

«ምን?»

«ተመለሱ አልልም።»

ጁሀራ ደረቷ በኩራት ሞላ፤ ፊቷን ግን ኮስተር እንዳደረገች ሻንጣውን መልሳ አንጠለጠለች።

«ካላልክማ ቁልፏን መልስላትና ቅደም» አለችው። «ሚኒባሱ ሞልቶ ሳይሄድብን!»