ጋቢናው ይቅርብኝ

አቶ ደመቀ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ፣ በመስታወት ሲያዩት ፊቱን የማያሳያቸው ተሳፋሪ ገጥሟቸው አያውቅም። አሁን ግን የገዛ የልጅ ልጃቸው ኪዳን፣ ገና በዓመት ከአምስት ወሯ፣ ከኋላ ጀርባዋን ሰጥታቸው ትሄዳለች። ኧረ ጉድ ነው!

እሑድ እሑድ ምራታቸው ፅዮን ከሳንሱሲ ቤታቸው በመኪናዋ ወስዳ ቤቴል ቤቷ ምሳ ትጋብዛቸዋለች። ሽማግሌ ናቸውና ቦታቸው ጋቢና ነው፤ ከዚያ ሆነው ቢዞሩ የሚያዩት ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የታሰረውን የልጅቷን የሕፃን ወንበር ጀርባ ብቻ። ልጅቷ ደግሞ በሳምንት አንዴ ስለምታያቸው አትቀርባቸውም። ሊያቅፏት ሲሉ እናቷ ጉያ ትወሸቃለች። ይሄ አቶ ደመቀን ያንገበግባቸዋል። ሰው እንዴት ለገዛ ደሙ ባዳ ይሆናል? አንድ እሑድ መንገድ ላይ ተናገሩ።

"ፅዮንዬ፣ ይሄን ወንበር ወደፊት አዙሪልኝ። እግሯ ታጥፎ አሳዘነችኝ።"

"እግሯ ምንም አይሆንም፣ አባባ። ወንበሩ ላይ የተጻፈው ክብደትና ቁመት እስኪሞላት እንዲህ ነው የምትቀመጠው።"

"እኛ ልጅ ያሳደግነው በወረቀት ነው እንዴ?"

ፅዮን ሳቀች። "እርስዎ ሾፌር አይደሉ እንዴ? ድንገት ፍሬን ሲይዙ የቆመ ሰው ወዴት ይሄድ ነበር?"

"ወዴት ይሄዳል፣ ወደፊት ነዋ! ስንቱ ነው መጥቶ ትከሻዬ ላይ..." እያሉ ሳይጨርሱት የኪዳን አንገት ታወሳቸው፤ ቀጭን ነው። ጭንቅላቷ ደግሞ በአባቷ ወጥቶ ትልቅ።

"እንዲህ ስትሆን ግን ወንበሩ ከጀርባዋ ይይዛታል" አለች ፅዮን ቀስ ብላ። "አንገቷ አይጎዳም።"

"በይ አቁሚ።"

"ውይ፣ ተቀየሙኝ?"

"አቁሚ አልኩሽ!"

ጦር ኃይሎች ሳይደርሱ ዳር ይዛ ቆመች። አቶ ደመቀ ወረዱ፣ የኋላውን በር ከፈቱና ከኪዳን ጎን ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ።

"ኧረ በሕግ አምላክ! አማቷን ከኋላ ጭና መጣች ብሎ ሰፈሩ ይሳቅብኝ?"

"ይሳቅ! ጋቢናው ይቅርብኝ።"

አያትና ልጅ ፊት ለፊት ተያዩ። ኪዳን ከንፈሯን ጣለች፤ ልታለቅስ ነው። አቶ ደመቀ ፈጠን ብለው እንደ ታክሲ ረዳት "ቤቴል፣ ቤቴል! የሞላ፣ አንድ ሰው!" ብለው ጮኹ። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ደገሙላት። በሦስተኛው ፍርስ ብላ ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! አቶ ደመቀ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የመንገዱ መዘጋጋት ደስ አላቸው።

ቤቴል ሲደርሱ ፅዮን በሩን ከፍታ የልጅቷን ቀበቶ ፈታች። "ነይ፣ እናቴ" ብላ እጇን ዘረጋችላት። ኪዳንም ዘረጋች፤ ወደ አያቷ።

አቶ ደመቀ ደርቀው ቀሩ።

"ይቀበሏት እንጂ፣ አባባ!" አለች ፅዮን።