እናቱን አውቃታለሁ

ልጄ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ታድለሽ! አንቺማ መብራት አይቸግርሽ» ይለኛል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ በሻማ ሽንኩርት እየከተፍኩ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? የኔው ልጅ ወንድ ሆነ እንጂ እሷው ነው። የሰው ፎቅ ከላይ እስከ ታች ያበራል፤ እናቱ ወጥ ቤት ድስቱን በእጇ እየዳበሰች ታገኛለች።

ነገሩ የጀመረው ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ካለው የብሬከር ሳጥን ነው። አንድ ቀን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ ጠሽ አለ፣ ከዚያ ወጥ ቤቱና የውስጠኛው መኝታ ቤት ድርግም። ለራሴ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ጸሎቴን በቃሌ ነው የማውቀው፣ መብራት አልፈልግለትም። ግን ሴቷ ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ሆስፒታል ነች፤ ቅዳሜ ወጥታ እኔ ጋ ልትታረስ ነው። የምትተኛው እዚያው መኝታ ቤት ነው። አራስ እንዴት በጨለማ ትተኛለች? ሕፃኗን ሌሊት ስታለቅስ በምን አይቼ ላንሳት?

ለወንዱ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ነገ እመጣለሁ።»

ነገ የምትባለውን ቀን ልጄ ገዝቷት ነው መሰለኝ፣ ለሌላ ሰው አትደርስም።

«አሁን የት ነህ?»

«ቤቱ ነኝ።»

«ቤቱ» የሚለው ቤታችንን እንዳይመስላችሁ። የኤሌክትሪክ ዕቃ አቅራቢውን ነው፣ ለባለሙያ ብቻ የሚሸጠውን። የኛን ቤት «እናንተ ጋ» ነው የሚለው።

ያንን ሳጥን ማን እንደሠራው አልደብቃችሁም። እሱ ራሱ ነው። ከማሠልጠኛ የወጣ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጓደኞቹ ውጭ እየጠበቁት ነበር። መሐል ላይ ቴፑ አለቀበትና «እማዬ፣ ፕላስተር አለሽ?» አለኝ። ጣቱን የቆረጠ መስሎኝ ነፍሴ እስክትወጣ ሮጥኩ። ለሽቦው ኖሯል። ያንን የቁስል ፕላስተር ሽቦው ላይ ጠቀለለና ክዳኑን ገጠመ። እኔም መረቅሁት፣ ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። ጎረቤት ምን ያውቃል፤ መብራቱ በርቷል።

ቅዳሜ እየቀረበች፣ ልጄ እየራቀ ሲሄድ፣ ዕቃውን ራሴ ገዝቼ በሰው ልጅ ላሠራ ወሰንኩ። የሚያስፈልገውን ስሙን ስለማላውቀው ክዳኑን ከፍቼ በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ሄድኩ።

የአቅራቢው በር ላይ «ለባለሙያ ብቻ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ሥር ዘበኛ ቆሟል።

«እማማ፣ ካርድ አለዎት?»

«የምን ካርድ?»

«የባለሙያ።»

«የባለሙያ እናት ነኝ።»

«እናት አይገባም።»

«አንተ እናት የለህም?»

«አለችኝ። እሷም ገብታ አታውቅም።»

ይህን ሲል አልሳቀም። ሕግ ሕግ ነው። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ «ጌታ ሆይ፣ በሩን አንተ ክፈተው» እያልኩ ስቆም፣ አንድ ቁመቱ የማያልቅ ሰውዬ ሁለት ጥቅል ሽቦ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። በኋላ «መሰላል» ብለው ሲጠሩት ሰማሁ። ችግሬን ቆሞ አዳመጠኝና አንዱን ጥቅል ትከሻዬ ላይ አደረገው።

«ረዳቴ ናቸው» አለው ዘበኛውን።

በዚህ ዕድሜዬ ሥራ ተቀጠርኩ።

ውስጡ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ገነት ነው። የቆዳ ሶፋ አለ። ሻይ የሚያፈላ ማሽን አለ። ከባንኮኒው ጀርባ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ሰውዬ ቆሟል፤ በሩን ያለፈውን ሁሉ «ኢንጂነር» ነው የሚለው።

«ኢንጂነር፣ ያቺ የፈለግካት መጥታለች፣ መኪናህ ላይ አስጭኜልሃለሁ። ኢንጂነር፣ ይሄ አይሆንህም፣ ትልቁን ውሰድ። ኢንጂነር፣ ሻይህ ቀዘቀዘ፣ ልቀይርልህ?»

የረሱትን ያስታውሳቸዋል። በስህተት የወሰዱትን ሳያኮርፍ መልሶ ይቀበላቸዋል። ሥራ ቦታቸው ድረስ ዕቃ ይልክላቸዋል፣ ቢዘገዩ ሳይዘጋ ይጠብቃቸዋል። እኔም ልጄን ሳሳድግ ሻይ አፍልቻለሁ፣ በር ከፍቼ ጠብቄያለሁ። ግን አንድም ቀን «ኢንጂነር፣ ምን ልታዘዝ?» ብዬው አላውቅም። «እግርህን ጥረግ» ነው የምለው። ልጄ «እናንተ ጋ» የማይመጣበት ምክንያት ያን ዕለት ገባኝ።

ወሬያቸው ደግሞ አንድ ነው፦ ከእነሱ በፊት የሠራው ሰው አህያ ነው።

«ሳጥኑን ስከፍተው አማተብኩ፣ እንደው ማነው ይሄን የሠራው?»

«የኔው ይብሳል! ያ ሰውዬ ዓይን አልነበረውም እንዴ?»

እግዚአብሔር «ብርሃን ይሁን» ያለ ዕለት ከእነዚህ አንዱ እዚያ ቢኖር ኖሮ «ይሄን መስመር ማነው የዘረጋው?» ማለቱ አይቀርም።

መሰላል ወደ ባንኮኒው ገፋ አደረገኝ። «ረዳቴ ጥያቄ አላቸው።»

«ምን ልታዘዝ፣ ኢንጂነር?» አለኝ ባለ እርሳሱ። እኔን ነው! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ።

ስልኬን ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ኑ፣» አለ፣ «ኑ ጉድ እዩ።»

ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ።

«ይሄ ሽቦ ነው ፓስታ?»

«ቆይ፣ ቆይ… ይሄ ፕላስተር ነው? የቁስል?»

«ምን ታድርግ፣ ሽቦዋ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ ነው!»

«መርፌስ ወግቷታል?»

እኔ ጥቅሌን ትከሻዬ ላይ እንዳደረግኩ ቆሜያለሁ። ስልኩ ዞሮ ዞሮ ጥግ ያለው ሶፋ ጋ ደረሰ። እዚያ ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ የተቀመጠ አንድ ሰው ተቀበለው፣ አየው፣ ከሁሉም በላይ ጮሆ ሳቀ። ያንን ሳቅ አወቅኩት። ከሆዴ የወጣ ሳቅ ነዋ።

«ይሄ ባለሙያ አይደለም!» ይላል ልጄ ሻዩን በማንኪያ እያማሰለ። «ይሄ ቂም ያለው ሰው ነው። የቤቱ ባለቤት ምን በድሎት ይሆን?»

ምን በደልኩህ፣ ልጄ? ወለድኩህ።

ባለ እርሳሱ ፊቱን አጠቆረ። «እናቴ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ቤት ያቃጥላል። ማነው የሠራው? ስሙን ይንገሩኝ። የኛ ካርድ ካለው ዛሬውኑ እነጥቀዋለሁ።»



«አዎ፣ ይንገሩን!» አለ ከሶፋው፣ ዞር እንኳ ሳይል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ውሸት አልናገርም፤ ለነፍሴ እፈራለሁ። ልጄንም በሰው ፊት አላዋርድም፤ ካርዱ እንጀራው ነው። በልቤ «አፌን አንተ ምራው» አልኩና ተናገርኩ።

«ስሙን ተዉት። እናቱን ግን አውቃታለሁ። ምስኪን ሴት ናት፣ እሷ ናት የምታፍረው። ልጁም ክፉ አይደለም፣ ቸኩሎ ነው። ፕላስተሩን የሰጠችውም እናቱ ናት።»

ሶፋው ላይ ማንኪያው ቆመ።

ልጄ ቀስ ብሎ ዞረ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ቀጥሎ የያዘውን ስልክ፣ ቀጥሎ ፕላስተሩን። ፊቱ እንደ ግድግዳው ነጣ።

«እንግዲህ ካልነገሩን ይቅር» አለ ባለ እርሳሱ። «ዕቃውን ላዘጋጅልዎ፤ ሳጥኑም ጭምር መቀየር አለበት። ግን ያለ ካርድ መሸጥ አልችልም። በማን ካርድ ላድርገው?»

መሰላል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ልጄ ቀደመው።

«በኔ ይሁን።» ድምፁ ቀጥኗል።

«እናትን ታውቃቸዋለህ እንዴ፣ ኢንጂነር?»

ጌታውን የካደው ጴጥሮስ ትዝ አለኝ። እሱም ከሰዎቹ ጋር እሳት እየሞቀ ነበር፤ የኔው ሻይ ይዟል።

«አዎ…» አለ ልጄ። «ሰፈራችን ናቸው።»

ሰፈራችን! እውነቱን ነው፣ ዘጠኝ ወር በነፃ የኖረበት ሰፈር ነኝ።

«በደንብ እንተዋወቃለን» አልኩ። «ድሮ እኛ ጋ ነበር የሚኖረው።»

መሰላል ከላይ ቁልቁል አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። «አፍንጫችሁ ግን…»

«የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው» አለው ልጄ ቶሎ ብሎ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ባለ እርሳሱ ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፣ አልቻለም። «ስሙን ባናውቅ ሥራውን እንሰቅለዋለን» አለ። «ለሌላው ትምህርት ይሁን። ኢንጂነር፣ እናት መላክ ያስቸግራቸው ይሆናል፣ ፎቶውን አንተ ላክልኝ እስቲ።»

ልጄም በገዛ ጣቱ ላከው። ወዲያው ሰፋ ተደርጎ ታትሞ ከሻይ ማሽኑ በላይ ተለጠፈ። ከሥሩ ባለ እርሳሱ በትልቁ ጻፈበት፦ «እንዲህ የሚሠራ እዚህ ሻይ አይጠጣም»። ሁሉም አጨበጨቡ። ልጄም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ።

መኪናው ውስጥ አዲሱን ሳጥን ጭኜ ላይ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ጀመረ።

«እማዬ…»

«ሰፈርህ ነኝ። ወደፊት እያየህ ንዳ።»

ቤት ደረስን። እግሩን ጠረገ፤ ሳልነግረው። ቆጣሪው ጋ ሄዶ መብራቱን አጠፋ፣ ካቻቢቴውን አወጣ፣ ክዳኑን ፈታ፣ ባትሪውን አበራና ወደ ውስጥ አየ። ልማድ ክፉ ነው።

«እንደው ማነው ይሄን…» ብሎ ጀመረና ዋጠው።

እኔም መሳቢያ ከፍቼ አንድ ፕላስተር አመጣሁለት። «ያስፈልግህ ይሆን?»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ይቅር በይኝ» አለኝ። ለሳጥኑ ይሁን ለሰፈሩ አልጠየቅኩትም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ሠራ። ሽቦውን አንድ በአንድ አወጣ፣ አዲስ ከተተ፣ እያንዳንዱን ሁለቴ ጎትቶ አየው። አሮጌው ፕላስተር ሲላጥ ከሽቦው ላይ አልለቅም ብሎ አስቸገረው። «ይሄማ ጥሩ ፕላስተር ነበር» አለ። ሲያበራው መኝታ ቤቱ ቦግ አለ፤ በዚያ ሁሉ ጨለማ ያላየሁትን አቧራ አየሁና ለመጥረግ ሮጥኩ።

ቅዳሜ ሴቷ ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ገባች። ሕፃኗ መብራቱን አይታ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ አስነጠሳት፣ ተኛች። ወንድምየው ሳሎን ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«እማዬ፣ መብራቱ እንዴት ያምራል! ማን ሠራልሽ?»

«አንድ የሰፈር ልጅ ነው» አልኳት።

ሳሎን ውስጥ ሻይ ትን ያለው ሰው ሳል ተሰማ።

ወጥታ አየችው። «አንተ ደግሞ ዛሬ እዚህ ምን ትሠራለህ? ቤቱ አትሄድም እንዴ? ሻይህ ይቀዘቅዛል!»

«እዚያ ሻዩ አይጥመኝም» አላት፣ ስኒውን ወደኔ እየዘረጋ።

እኔም ተቀበልኩትና ጎንበስ ብዬ «ይጨመርልህ፣ ኢንጂነር?» አልኩት።