በስጦታ የመጣ የፍሬን ሸራ

ኤሊዬሴር የትንሿን ትዊንጎ መኪና የፊት ግራ ጎማ ፈትቶ መሬት ላይ ሊያጋድም ሲል፣ ሚስቱ ማርሌኒ ከጀርባው መጥታ አንድ ቀይ ካርቶን ከክሪኩ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«አሮጌውን አውጥተህ ይሄን ግጠምልኝ» አለችው። «ለነገ ይደርሳል አይደል?»

«ምንድን ነው?»

«የፍሬን ሸራ ነዋ። ፕሮፌ ነው የሰጠኝ፣ አሠልጣኜ።»

«ሸጠልሽ ነው ወይስ ሰጠሽ?»

«ሰጠኝ። ለራሱ መኪና ገዝቶት የተረፈው ነው።»

ኤሊዬሴር እጁን በጨርቅ ጠራረገ። ያልቆሸሸውንም ጣቱን ሳይቀር ጠራረገ። ለሚስቱ አበባ ይዞ የሚመጣ ወንድ ቢኖር ምን እንደሚያደርገው ያውቃል፤ በአሥራ አራት ዓመት ትዳር አንዳንዴ አስቦበታል። የፍሬን ሸራ ይዞ ለሚመጣ ወንድ ግን ምንም አላዘጋጀም። እሱ መካኒክ ነው። ላ ካሌራ ውስጥ ያለው ጋራዡ ከቤታቸው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው፣ የማርሌኒን መኪናም ከሱ ሌላ የነካት እጅ የለም። አበባው በተሻለ ነበር።

ካርቶኑን ሲከፍት ክዳኑ ላይ በውስጥ በኩል በጥቁር እስክሪብቶ ተጽፏል፦ «ለማርሌኒ። ዘግይተሽ ያዢ፣ አትፍሪ። አልሲዴስ።» ከሥሩ የእሽቅድድም ማሠልጠኛው ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፏል። «ዘግይተሽ ያዢ» ማለት ኩርባው አፍንጫሽ ሥር እስኪደርስ ድረስ ፍሬን አትርገጪ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ኤሊዬሴር ይህን አሳምሮ ያውቃል። ማወቁ ግን ምንም አልረዳውም። «አትፍሪ» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አነበባት። ማንን ነው የማትፈራው?

ማርሌኒ ቦጎታ ውስጥ ፀጉር ትሠራለች። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ደንበኛዋ ቶካንሲፓ ወዳለው የእሽቅድድም ሜዳ ወሰደቻት። እዚያ በወር አንድ እሑድ ማንም ሰው በገዛ መኪናው እየከፈለ መሮጥ ይችላል። ማርሌኒ ለመሳቅ ገብታ ተለክፋ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያችው በየጠዋቱ ወደ ሥራ የምትወስዳት ትዊንጎ በወር አንድ ቀን ሌላ መኪና ትሆናለች። ኤሊዬሴር አንድ ጊዜ አብሯት ሄዶ ነበር። ከባሕር ጠረፏ ከባራንኪያ የመጣው አሠልጣኝ፣ አልሲዴስ፣ ነጭ ሱሪውን ተኩሶ፣ መስኮቷ ላይ ተደግፎ አንድ ነገር ሲነግራት አየ። እሷም ከሠርጋቸው ሰሞን ወዲህ ሰምቶት የማያውቀውን ሳቅ ሳቀች። ሁለተኛ እዚያ እግሬ አይረግጥም ብሎ የማለው ያን ቀን ነው።

ይህም ይታለፍ ነበር። ያላለፈው ባለፈው ሐሙስ በስልክ የሰማው ቃል ነው። «እሺ ሱመርሴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ አልሲዴስን ስታመሰግነው ሰማት። ሱመርሴ የቦያካ ገጠር ቃል ነው። እንደ «እርስዎ» ያከብራል፣ እንደ «ሆዴ» ያቀርባል። የኤሊዬሴር እናት አባቱን የምትጠራው በሱ ነበር። ማርሌኒም የዚያው አገር ልጅ ናትና እስከ ሐሙስ ድረስ ቃሏን ለእናቷና ለባሏ ብቻ ነበር የምትሰጠው። ቦጎታ ያለ ነጋዴ ሁሉ ደንበኛውን እንዲያ ብሎ ይጠራ እንደሆነ ይጥራ፤ ሚስቱ ነጋዴ አይደለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅናት እንደ ቃር ደረቱ ላይ ተቀምጦ ነበር።

አንዱን ሸራ አንሥቶ በጥፍሩ ጫረው። ደረቅ ነው፣ ክብደት አለው። ይህን ዓይነት ያውቀዋል።

«ይሄ ለሜዳ ነው» አላት። «ሳይሞቅ አይይዝም። እሑድ እዚያ ስትሮጪ ደህና ነው። ሰኞ ጠዋት ግን ከዚህ እስከ ፓቲዮስ አናት ድረስ ዳገቱን ስትወጪ ፍሬን አትነኪም፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነው ወደ ቦጎታ ቁልቁለቱን የምትጀምሪው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ትረግጪውና ዝም ይልሻል።»

ማርሌኒ ወገቧን ይዛ አየችው።

«የጎማውም ጊዜ እንዲህ ነበር ያልከኝ።»

የጎማውን ነገር ኤሊዬሴር አልረሳውም። ባለፈው ወር አልሲዴስ የመረጠላትን ጎማ «ለዚህች መኪና ልኩ አይደለም» ብሎ መልሶት፣ ጎማ ቤት ወስዳ በሃያ ደቂቃ አስገጥማው መጥታለች። ጎማ ጠጋኙ የሳቀውን ሳቅ ሳይቀር አምጥታ ነግራዋለች።

«ጎማው ሌላ ነገር ነበር» አለ።

«ምን ነበር?»

«ሌላ ነገር።»

«ታዲያ ይሄ ሸራው ነው የሚናገረው ወይስ ያ ሌላ ነገር?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው በአሮጌው ሸራ አራት ዙር ስሮጥ እንደ ተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ፔዳሉ እግሬ ሥር ሰመጠ። ግድግዳው ሦስት ሜትር ሲቀረኝ ነው የቆምኩት። አንተ አላየህም፣ አትመጣማ። ፕሮፌ ግን አይቷል። ግጠምልኝ፣ ሱመርሴ።»

የዛሬዋ ሱመርሴ ግን እንደ ድሮዋ አልጣመችውም። በሌላ ሰው ብርጭቆ የመጠጣት ያህል ነበረች።

ገጠመው። ሁለቱንም ጎማ አሠረና ለማንም ሳይናገር ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። እውነቱን ለመናገር እሱም ራሱን አላመነም። ሸራው ጥሩ ሆኖ እኔ በቅናት አጣምሜ እያየሁት ቢሆንስ እያለ ዳገቱን ወጣ። ሩዋና የተባለውን የሱፍ ካባውን እስከ ጆሮው ቢከናነብም ፓቲዮስ አናት ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ብስክሌት ነጂዎቹ እንደ ቅዳሜያቸው መንገዱን ሞልተውታል። ቁልቁለቱን ጀመረና የመጀመሪያው ኩርባ ጋ ፍሬኑን ረገጠ።

ፔዳሉ እንደ እንጨት ደረቀበት። መኪናዋም ሄደች። በሁለት እግሩ ቆመበት፣ ማርሹን ጎትቶ ቀነሰ፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ ሲቆም አንድ ብስክሌተኛ ጣሪያውን በጥፊ መታውና በእናቱ ሰድቦት አለፈ። ኤሊዬሴር መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ከዚያ እየነዳ አራት አምስት ጊዜ እየረገጠ አሞቀው፤ ሲሞቅ ጥርስ አወጣ፣ እንዲህ የሚይዝ ሸራ በሕይወቱ ነድቶ አያውቅም። ሁለቱም እውነት ነበር።

ሲመለስ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ልክ ነበርኩ፣ ያ ሰውዬ ሚስቴን የሚያስገድል ዕቃ ነው የሰጣት። ቀጥሎ በደስታው አፈረ። የማርሌኒ እግር እዚያ ፔዳል ላይ ሰኞ ጠዋት ሲቆም ታየው።

«ሞከርኩት» አላት ወጥ ቤት ገብቶ። «አልያዘልኝም። ከመንገድ ነው የወጣሁት።»

«አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ፕሮፌም ነግሮኛል።» ዞራ አላየችውም። «ኤሊዬሴር፣ እባክህ ተወኝ። አንድ የራሴ ነገር ቢኖረኝ ምናለበት?»

ሱመርሴ ቀርታ ኤሊዬሴር ሆነ። ወደ ጋራዡ ተመልሶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አሮጌውን ዓይነት በድብቅ ቢመልስ ነገ ሜዳው ላይ እንደ ባለፈው ይጤስባታል። ይህንኑ እንዳለ ቢተወው ሰኞ አለች። በቁጣ ቢናገር ቅናት ይባላል፣ በለሆሳስ ቢናገርም ቅናት ይባላል። በገዛ ሙያው፣ በገዛ ሚስቱ ፊት፣ ቃሉ ዋጋ አጥቷል፤ ዋጋውን ያሳጣውም ራሱ ነው። የሷ ጆሮ ዛሬ የተከፈተው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ክዳኑን ገልብጦ ቁጥሩን አየ። ሁለት ጊዜ ጀምሮ ዘጋ። በሦስተኛው ደወለ።

«ሃሎ?» የኳስ ጨዋታ ድምፅ ከበስተኋላ ይሰማል።

«ኤሊዬሴር ነኝ። የማርሌኒ ባል።»

የኳሱ ድምፅ ጠፋ። «ወንድሜ፣ በሰላም ነው? እሷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። የሸራው ነገር ነው። መኪናዋን በምን እንደምታመጣት ያውቃሉ?»

«በጭነት አይደል? ብዙዎቹ ጭነው ነው የሚያመጡት።»

«እየነዳች ነው የምትመጣው። ሰኞ ደግሞ በዚያችው መኪና ሥራ ትወርዳለች። በፓቲዮስ በኩል።»

«ድንግል ማርያም» አለ አልሲዴስ። «በዚያ ብርድ? በዚያ ሸራ? እኔ ምን አውቄ፣ ባሏ መካኒክ አይደል ብዬ...» አቋረጠ። «ታዲያ አንተ ለምን አትነግራትም?» የባሕር ጠረፍ ሰው ነውና ገና በስልክ ሲተዋወቁ አንተ ብሎታል።

«ነግሬያታለሁ። ከኔ አፍ ሲወጣ ቅናት ይመስላታል።»

«ነው እንዴ?»

«እሱም አለበት።»

አልሲዴስ ይስቃል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሳቀም። «እሺ። እነግራታለሁ። ማን ነገረኝ ልበል?»

«ማንም። ራስዎ ያሰቡት ይሁን። ብቻ ዛሬውኑ ይንገሯት፣ እባክዎ ሱመርሴ።»

«ምን አልከኝ?»

«ምንም» አለና ዘጋው። ጆሮው ጋለበት። ሳያስበው ነው ያመለጠው፤ ሰው ከልቡ ሲለምን ወይም ከልቡ ሲያመሰግን የምትመጣ ቃል እኮ ናት። ሐሙስ ዕለት ከማርሌኒ አፍ እንዴት እንደወጣች አሁን ገባው። ገባው እንጂ ቃሩ አልለቀቀውም።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማርሌኒ አይብ የነከረችበትን ትኩስ ፓኔላ፣ በሸንኮራ አገዳ ስኳር የተፈላ ውሃ፣ ይዛለት መጣች።

«ፕሮፌ ደወለልኝ። ሸራው ለመንገድ አይሆንም አለ። በአሮጌው ዓይነት ነድቼ ሄጄ እዚያ ልቀይር፣ ስመለስም እንደገና ልቀይር። ብርዱን፣ ፓቲዮስን፣ ሁሉንም አስቦልኛል። እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው!»

ኤሊዬሴር አንዴ ጠጣ፤ ምላሱን ፈጀው። «አዎ» አለ። «ያስባል።»

«አንተም እንዲሁ ብለህ ነበር።»

«ብዬ ነበር መሰለኝ።»

ለመሄድ ዞረችና ቆመች።

«አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ሲሰናበተኝ ሱመርሴ አለኝ። የባራንኪያ ሰው! ቃሏን እንኳ አያውቃትም ነበር፤ ሐሙስ ዕለት አምልጣኝ ስለው ‹ምን ማለት ነው?› ብሎ ነው የሳቀብኝ። ዛሬ ከማን ተማራት?»

ኤሊዬሴር አሥራ ሦስት ቁጥሩን የብሎን ቁልፍ መፈለግ ጀመረ። ቁልፉ በእጁ ነበር። ማርሌኒ መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ በርጩማው አጠገብ የተገለበጠውን ክዳን፣ ከዚያም እሱን አየች።

«ሱመርሴ» አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ። «ነገ እዚያ ሸራውን ማን ይቀይርልኛል?»

ኤሊዬሴር አዲሶቹን ሸራዎች ፈትቶ ካርቶናቸው ውስጥ መለሰ፣ አሮጌዎቹንም አቧራቸውን እፍ ብሎ ገጠመ። ክዳኑን ከነጽሑፉ ቀዩ ካርቶን ላይ ከደነና ካርቶኑን ከአሥራ ሦስት ቁጥሩ ጎን በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠ።

«ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» አላት።